አፕዴቱ ለምን ተመለሰ?

ጌም ፕሌይ ስቶር ላይ በወጣ ማግስት የእርማት ሥራ ይጀምራል። ሠሪው ቤት በሁለት በሦስት ስልክ ተሞክሮ ያለፈው ጌም ሰፈር ሲገባ ያልታሰበ ችግር ይገጥመዋል። ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል ብዙ ልጅ የሚጫወተው ፎቶና ቪዲዮ በሞላበት የወላጅ ስልክ ነው። ጨዋታው መሃል ስልክ ይደወላል፤ ተነጋግረው ሲመለሱ የተሰበሰበው ነጥብ ሁሉ የለም። እንዲህ ያለው ስህተት አንዳንዴ በሁለት መስመር ኮድ ይስተካከላል። የተስተካከለው ጌም ግን ልጁ ጋ የሚደርሰው መደብሩ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ጎግል አዲስ አፕንም አፕዴትንም ይመረምራል፤ ምርመራው እስከ ሰባት ቀን፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ ሊወስድ እንደሚችል ራሱ ያስታውቃል። ምርመራው መኖሩ ተገቢ ነው፤ ተጠቃሚውን ከአጭበርባሪ አፕ ይጠብቃል። የሚያስመርረው መልሱ ነው። አፕዴቱ ውድቅ ሲደረግ የሚመጣው ኢሜይል አንዳንዴ የፖሊሲውን ርዕስ ጠቅሶ ያበቃል። ጥፋቱ የትኛው ምስል ላይ፣ ወይም ለማስታወቂያ ተብሎ በገባው የትኛው ኮድ ውስጥ እንዳለ አይናገርም። ባለፈው ወር ያለፈው ነገር ዛሬ ለምን እንደተያዘም አይገልጽም። ሠሪው በግምት አንዱን ነቅሎ ይልካል፣ ይጠብቃል፤ ደግሞ ሌላውን ነቅሎ ይልካል። ለእንቁጣጣሽ የተዘጋጀ አፕዴት ከመስቀል በኋላ ቢፈቀድ ለማን ይጠቅማል?

ችግሩ የስልክ ጌም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ለኤክስቦክስ 360 የወጣው ፌዝ የተባለ ጌም የእርማት አፕዴቱ የጥቂት ተጫዋቾችን የተቀመጠ ጨዋታ ያበላሽ ነበር። ሠሪዎቹ ሁለተኛ እርማት ለማስመርመር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር እንደሚጠየቁ በይፋ ተናግረው ስህተቱን እንዳለ ተዉት። ማይክሮሶፍት ክፍያውን ያስቀረው በ2013 ነው። አፕልም በ2020፣ ሄይ ከተባለው የኢሜይል አፕ ሠሪዎች ጋር በአደባባይ ከተካረረ በኋላ፣ ስህተት የሚያርሙ አፕዴቶችን ከሕግ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ካልሆነ በቀር በመመሪያ ጥሰት ሰበብ እንደማያግድ አስታወቀ። በሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ የተሰማው ስም ያለው ሠሪ ጩኸት ነው። አጠና ተራ ተቀምጦ ብቻውን ጌም ለሚሠራ ወጣት ይህ ዕድል የለም።

ለእሱ መንገዱ ከመነሻውም ጠባብ ነው። ኩኩሉና ገበታ የተባሉትን ጌሞች የሠራው ቅኔ ጌምስን የመሰለ ኩባንያ በድርጅት ስም አካውንት መክፈት ይችላል። ከኖቬምበር 13 ቀን 2023 ወዲህ በግል ስም የተከፈተ አካውንት ግን ጌሙን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት ለ14 ተከታታይ ቀናት በሞካሪዎች ማስፈተሽ አለበት፤ ቁጥራቸው መጀመሪያ 20 ነበር፣ በኋላ ወደ 12 ዝቅ ብሏል። ከዚህ የሚከፋው የተዛማጅ አካውንት ደንብ ነው። አንድ አካውንት በከባድ ጥፋት ሲዘጋ ጎግል ተዛማጅ ያላቸውንም ይዘጋል፤ ዝምድናው በምን እንደሚለይ ግን በዝርዝር አያስረዳም። ጓደኛሞች ላፕቶፕና ዋይፋይ በሚዋዋሱበት ከተማ ይህ ዝምታ ያስፈራል፤ ተገቢም አይደለም።

የሰለቸው ሠሪ ጌሙን በቴሌግራም ይለቃል። ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ በፍጥነት ይደርሳል፤ እርማቱ ግን ተከትሎት አይሄድም፣ ብዙው ተጫዋች አሮጌው ላይ ይቀራል። ይህም በር እየጠበበ ነው፦ ጎግል በኦገስት 2025 ከመደብሩ ውጭ የሚጫን አፕ ሠሪም ማንነቱን እንዲያስመዘግብ እንደሚጠይቅ አስታውቋል፤ በ2026 በአራት አገሮች ጀምሮ ከ2027 ጀምሮ ወደ ሌሎች ለማስፋት አቅዷል።

በአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2020 ጀምሮ የሚሠራ ደንብ እንደ ፕሌይ ስቶር ያሉ መድረኮች ለነጋዴ የሚሰጡትን አገልግሎት ሲያግዱ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ጨርሶ ለማቋረጥም በመርህ ደረጃ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። ይህ ጥበቃ ኅብረቱ ውስጥ ለተቋቋመ ነጋዴ እንጂ ለኮልፌ ልጅ አይደርስም። ኢትዮጵያም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አላት፤ ጉዳዩን የሚይዘው መሥሪያ ቤት ከመደብሮቹ ጋር ሲነጋገር መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የተጣሰው ቦታ በስክሪን ፎቶ እንዲታይና ይግባኙን ሰው እንዲያየው ነው።