ለአሮጌ ሞተር ሳይክል አዲስ ሾክ፦ በዋጋ ወይስ በልክ?

መርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ የመለዋወጫ ገበያ የሚሄድ ባለሞተር፣ ያረጀውን የኋላ ሾክ አብዞርበር በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ፣ "ይህን የሚመስል አለ?" ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም ከመደርደሪያው ሁለት ሦስት ዓይነት አውርዶ ይደረድርለታል። "ወንድሜ፣ ይሄ ኦርጅናል ነው፣ ይሄ ታይዋን ነው፣ ያኛው ደግሞ ያገለገለ ነው፤ ግን ምንም አልሆነም" ይለዋል። ከዚያ በኋላ የሚካሄደው ክርክር ስለ ዋጋ ብቻ ነው። ሞላው ስንት ኪሎ ይሸከማል? ርዝመቱስ ስንት ነው? ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ብርቅ ነው። ገንዘቡ የሚባክነውም እዚሁ ላይ ነው።

ጉዳዩ እንደ ድሮው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ሁሉ የዚህ ሸክም ተካፋይ ነው። አዲስ ሞተር ሳይክል መግዛት ያልቻለ ሰው ያለውን አሮጌ ይዞ ይቆያል፤ አሮጌውን የያዘ ሰው ደግሞ አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ለመግዛት አቅም የለውም።

በተለይ ለረጅም ጉዞ የተሠሩ አሮጌ ሞተሮች ጥንቃቄ ይሻሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ የቀረበው የጃፓኑ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ፣ ከእርሱም ብዙ ሳይቆይ የመጣው የጀርመኑ ቢኤምደብሊው አር 100 የዚያ ትውልድ ምሳሌዎች ናቸው። ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ሾክ አላቸው። ሁለት ሰውና የመንገድ ጓዝ ጭነው ቀኑን ሙሉ እንዲሄዱ የታሰቡ በመሆናቸው፣ ለአንድ ሰው የከተማ ምልልስ የተሠራ ሾክ ቢገጠምላቸው አይችላቸውም።

ብዙ ሰው ሾክን የሚያየው እንደ ሞላ ብቻ ነው። ሥራው ግን ሁለት ነው። ሞላው ክብደቱን ይሸከማል። በውስጡ ያለው ዘይት ደግሞ በጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ ሲያልፍ የሞላውን ንዝረት ያበርዳል። ዘይቱ ከፈሰሰ ወይም አረፋ ከሆነ ሞላው ብቻውን ይቀራል፤ ጎማውም መንገዱን በመርገጥ ፈንታ መዝለል ይጀምራል። የዘለለ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም። ችግሩ ይህ ድካም የሚመጣው ቀስ በቀስ መሆኑ ነው። ነጂው በየቀኑ ስለሚለምደው፣ ሾኩ መሞቱን የሚያውቀው ጭነት ጭኖ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሲደርስ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን የዓባይ በረሃ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መንገዱ ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1ሺሕ ሜትር በላይ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል። ዘይቱ ያለቀበት ሾክ ያንን የቀለለ ጎማ መሬት ላይ ሊያቆየው አይችልም። ከኋላ የተቀመጠው ሰውም ሆነ ከፊት የሚመጣው የጭነት መኪና፣ ሾኩ በስንት ብር እንደተገዛ አይጠይቁም።

እንግዲህ ገዢው ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ርዝመት ነው። ርዝመቱ የሚለካው ሾኩ ሳይጫን፣ ከላይኛው ቀዳዳ መሐል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሐል ነው። 10 ሚሊ ሜትር እንኳ ልዩነት ያመጣል። ረጅም ሾክ የሞተሩን ኋላ ከፍ ያደርግና መሪውን ያቀለዋል፤ በፍጥነት ላይ እንዳይረጋም ሊያደርገው ይችላል። አጭሩ ደግሞ ማርሚታውን ወደ መሬት ያቀርባል፣ ጎማውንም ከፓራፋንጎው ጋር ሊያፋትገው ይችላል። በፌስታል የመጣው አሮጌ ሾክ ራሱ የቀድሞው ባለቤት በስህተት የገጠመው ሊሆን ስለሚችል፣ ልኩን ከሞተሩ መጽሐፍ ጋር ማመሳከር ይገባል። የቀዳዳው ስፋት፣ የጫፉ ቅርጽና ከሰንሰለቱ ጋር ያለው ክፍተትም አብረው ይታያሉ።

ሁለተኛው ሸክም ነው። ነጂው ስንት ኪሎ ነው? ከኋላው ሰው ይጭናል? ሣጥንና ጀሪካንስ? ሞላ የሚመረጠው በዚህ ድምር ነው። ለዚህ ቀላል መፈተኛ አለ። የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ከጎማው መሐል እስከ ኮርቻው ሥር ያለው ይለካል። ከዚያ እንደተለመደው ሰውና ዕቃ ተጭኖ በድጋሚ ይለካል። ልዩነቱ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሊሄድ ከሚችለው ርቀት ሲሶ ገደማ ከሆነ ሞላው ልክ ነው፤ ለምሳሌ ከ100 ሚሊ ሜትር 30 ያህል። ከዚያ እጅግ ከበለጠ ሞላው ደካማ ነው። ብዙዎች ይህን ድካም ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው በማጥበቅ ሊሸፍኑት ይሞክራሉ። ማጥበቅ ግን ሞተሩን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ሞላውን አያጠነክረውም።

ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው። "ኦርጅናል" የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እውነተኛ ኦርጅናል እንኳ ቢሆን፣ መደርደሪያ ላይ ሃያ ዓመት ከተቀመጠ ዘይቱን የሚይዘው ጎማ ደርቆ ገና በጥቂት ጉዞ ሊያፈስ ይችላል። ያገለገለ ሾክ ደግሞ ዘንጉ ዝገት ወይም ጭረት ካለው አዲስ ጎማ ቢገባለትም ያንኑ ጎማ ይበላዋል። ዘንጉ ንጹሕና ቀጥ ያለ፣ አካሉም የሚፈታ ዓይነት ከሆነ ግን ዘይቱንና ጎማውን ማስቀየር ከሁሉም ሊረክስ ይችላል። የማይፈታውን በመጋዝ ከፍቶ፣ የሞተር ዘይት ሞልቶ በብየዳ መዝጋት ግን ጥገና አይባልም። ዘይቱ ለዚያ ሥራ የተዘጋጀ አይደለም፤ የታመቀ ጋዝ ያለበትን ሾክ መቁረጥም አደገኛ ነው።

"ለአሮጌ ሞተር ይህ ሁሉ ወጪ ምን ያደርጋል?" የሚሉ አይጠፉም። አባባላቸው ግማሽ እውነት አለው። ለውድድር የተሠራ፣ ብዙ ማስተካከያ ያለው እጅግ ውድ ሾክ ለአሮጌ የጉዞ ሞተር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ልኩን የጠበቀ፣ ለጭነቱ የሚበቃ ሞላ ያለውና ሲያፈስ ተፈትቶ የሚጠገን ነው። ርካሹ ጥንድ በጥሩው ግማሽ ዋጋ ተገዝቶ አንድ ዓመት ብቻ ቢያገለግል፣ ጥሩውም አራት ዓመት ቢቆይ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ርካሹ አራት ጊዜ ተገዝቶ የጥሩውን እጥፍ ያስወጣል። ያለ ጊዜው የሚያልቀው ጎማ ገና አልተቆጠረም። አንዱን ቀይሮ ሌላውን አሮጌ መተውም ቁጠባ አይደለም፤ ግራና ቀኙ እኩል ስለማይሠራ የኋላው አካል ይጣመማል።

ነጋዴውም ቢሆን ከዚህ ይጠቀማል። ርዝመቱን፣ የሚሸከመውን ክብደትና የተሠራበትን ዓመት ጽፎ የሚሸጥ፣ ለጥቂት ወራት እንኳ ዋስትና የሚሰጥ ቸርቻሪ፣ ደንበኛው ለጠብ ሳይሆን ለሌላ ዕቃ ይመለስለታል። ይህን የሚያስገድደው ግን ገዢው ነው። ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ልክ ከጠየቀ፣ ሻጩም ልኩን ማወቅ ግድ ይሆንበታል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የተባለው ለጠላት ብቻ አይደለም፤ ለሚያብረቀርቅ ካርቶንም ይሠራል። ወደ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ባለሞተር ከገንዘቡ ጋር ሜትርና የራሱን የጭነት ድምር በወረቀት ይዞ ቢሄድ፣ በዓባይ ቁልቁለት ላይ የሚጸጸትበት ነገር አይኖርም።