አላረጀንም፤ ታላቅ መሆን ነው የከበደን

ይህ ጽሑፍ ረዘም ይላል። አንዳንዶቻችሁ እንደምትቆጡብኝም አውቃለሁ። ተቆጡ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ተቆጡ።

ሰሞኑን ፌስቡክ በከፈትኩ ቁጥር የማየው አንድ ዓይነት ነገር ነው። የእኔ ዕድሜ ሰው፣ 34፣ 36፣ 38 ዓመት የሆነው ሰው፣ የካሴትና የእስክሪብቶ ፎቶ ይለጥፍና «የእነዚህን ዝምድና የምታውቅ ከሆነ አርጅተሃል» ይላል። ሌላዋ ባለ ባትሪዋን ኖኪያ ትለጥፋለች። ሌላው የአባባ ተስፋዬን ፎቶ። ከሥር ኮሜንቱ ይዥጎደጎዳል። «አይ ጊዜ!» «ምነው ያ ዘመን በተመለሰ!» «አረጀን እኮ ወንድሜ፣ ወገቤንም ያመኝ ጀመር!» ይኸው ሰውዬ በማግስቱ ደሞ ሌላ ይለጥፋል። «የዛሬ ልጆች ግን ምን ነካቸው? ስልክ ላይ ተጥደው እየዋሉ 100 ተፈትኖ 3 አለፈ። በእኛ ጊዜ እኮ…»

ሁለቱ ፖስቶች መንታ ናቸው። በመጀመሪያው «አርጅቻለሁ፣ ከእኔ ምንም አትጠብቁ» እንላለን። በሁለተኛው «ልጆቹም አይረቡም፣ ቢደከምላቸው ዋጋ የለውም» እንላለን። ድምሩ ያው ነው፤ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። የኢትዮጵያዊ አማካይ የመኖር ዕድሜ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ነው። 36 ዓመት የሞላው ሰው ገና መንገዱን ማጋመሱ ነው። ደሞ የማን አገር ልጆች እንደሆንን አንርሳ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ እዚሁ ጎጃም በ1902 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የእኛው ደብረ ኤልያስ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ነው። ቀንሱ፤ 56 ዓመታቸው ነበር። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልምዣት» በ1980 ወጡ። አሁንም ቀንሱ፤ 72 እና 78። እኛ በ36 ዓመታችን «ከእንግዲህ ምን ቀረን» ማለትን ከማን ነው የተማርነው?

ሁለተኛው ሒሳብ ይኸውና። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ከ20 ዓመት በታች ነው። በዚህ አገር 36 የሞላው ሰው አላረጀም፤ ግን ታላቅ ሆኗል። ልጆች ሳለን «አያ እገሌ» እያልን መንገድ የምንለቅላቸው ሰዎች አሁን እኛው ነን። ማርጀትና ታላቅ መሆን ደግሞ አንድ አይደሉም። ያረጀ ሰው ጧሪ ይፈልጋል፤ ታላቅ የሆነ ሰው ለታናሹ ይቆማል። «አረጀሁ» ማለት የሚጣፍጠን ለዚህ ነው፤ ግዴታ የለበትም። ዕድሜው እየጨመረ እሱ ግን ለማይጨምር ሰው አባቶቻችን ስም አላቸው፤ ከርሞ ጥጃ ይሉታል። አርጅተናል የምንለው ሰዎች አብዛኞቻችን ያረጀን ሳንሆን ከርሞ ጥጃ የሆንን ነን።

ኧረ ለመሆኑ ያ ዘመንስ እንደምናወራው ነበር?

እኔ 9ኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ነው። ፕላዝማው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚገባበት ሰሞን። መምህሩ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው መምህርት በእንግሊዝኛ ትንበለበላለች። ጥያቄ ትጠይቅና ማናችንም አፋችንን ሳንከፍት «ቬሪ ጉድ!» ትለናለች። አትጠብቅም፣ አትደግምም። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርትም አብሮ ጠፋ። ዛሬ ይህን እያነሳን እንስቃለን። ያን ጊዜ ግን ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ አልሳቀም፤ ምንም ሳይገባው ዓመቱ አለቀ።

በዓመቱ ደግሞ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መጣ። ያለፈው ፕሪፓራቶሪ ገባ። ያልሆነለት ቴክኒክና ሙያ ወይም መምህራን ኮሌጅ፤ ያም ያልሆነለት ወደ እርሻው ተመለሰ። በ16 ዓመት የሰው ዕጣ እንዲህ ተቆረጠ። እስቲ ልብ በሉ፣ ዛሬ «ምነው በተመለሰ» የሚለው ማን ነው? ከነዚያ በሮች በአንዱ የገባው ነው። በሩ የተዘጋበት ፌስቡክ ላይ የለም። በ15 ዓመቷ የተዳረች የክፍል ጓደኛችን «አይ ጊዜ!» ብላ ስትለጥፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከገጠር የሚመጣው ተማሪ የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ ይመጣ ነበር። ሐሙስ ላይ እንጀራው ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታውን አራግፎ ይበላል። «እኛ ሰዓታት በእግራችን ተጉዘን ነው የተማርነው» እያልን ልጆቹን የምናሳፍርበት መንገድ፣ ሴቶቹ እንዳይጠለፉ እየፈሩ የሚሄዱበት መንገድ ነበር። ደብዳቤ እንጽፍ የነበረው ፍቅራችን ከዛሬ ልጆች ስለሚበልጥ አይደለም፤ ስልክ ስላልነበረን ነው። እጦት ያስተማረንን ሁሉ «የእኛ ዘመን ጨዋነት» ብለን ሰየምነው።

ጥሩ ነገር አልነበረም አልልም። ነበረ። በነሐሴ 2000 ቀነኒሳና ጥሩነሽ ቤይጂንግ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ሁለት ወርቅ ሲያመጡ አብረን ጮኸናል። ግን ከሁሉም በላይ የነበረን ነገር ሌላ ነው፤ ማንም ፎቶውን አይለጥፈውም። ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ይከፈት ነበር፤ ሰኔ ላይ ይዘጋ ነበር። በቃ። ይህን ተጠራጥረን አናውቅም። ደሀም ብንሆን፣ ስንቃችን ቢሻግትም፣ የሚመጣው ዓመት እንደሚመጣ እናውቅ ነበር።

አሁን ዘንድሮ 17 ዓመት የሆናትን ልጅ ዕድሜ አብረን እንቁጠር። በ2001 የተወለደችውን ማለት ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ 11 ዓመቷ ነበር። በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ጦርነቱ ወደ ክልላችን ገባ፤ በ2014 ኅዳር መጨረሻ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪው የዘማች ቤተሰብ ሰብል እንዲያጭድ ተደረገ። ግንቦት 2015 እዚሁ ወረዳችን፣ በሥላሴ ገዳም፣ ተኩስ ተከፈተ። ሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፋ። ልጅቷ 14 ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። በክልላችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ተናግሯል።

14፣ 15፣ 16። እኛ «ምነው በተመለሰ» እያልን የምናለቅስለት ዕድሜ እኮ ይህ ነው። እነሱ አሁን እየኖሩት ነው፤ ወይም እየኖሩት አይደለም።

እርጅና ማየት የሚፈልግ ሰው እነዚህን ልጆች ይይ። የ15 ዓመት ልጅ የጤፍና የማዳበሪያ ዋጋ በቃሉ ይነግራችኋል። ዛሬ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ከሾፌሩ ቀድሞ ያውቃል። የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ማን ቀድሞ እንደሚያጎነብስ አስተውሉ። ሴቷ ትምህርት ሲቆም «ቤት ከምትቀመጥ» ተብሎ ሽማግሌ ይላክባታል። ሕጉ ከ18 ዓመት በፊት አይቻልም ይላል፤ ግን ሕጉን የሚያስታውሰው ማን ነው? ወንዱ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ለቀን ሥራ ይሰደዳል። እኛ ወገባችንን ስላመመን «አረጀን» እንላለን። እነሱ ልባቸው አርጅቶ ማንም አልጠየቃቸውም።

«100 ተፈትኖ 3 አለፈ» ለምትሉትም መልስ አለኝ። በ2014 ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015፣ 3.2። በ2016፣ 5.4። በ2017፣ 8.4። ይህ የመላው አገር ውጤት ነው፤ የሰነፍ ልጆች ውጤት ብቻ አይደለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር ስርቆቱ ቀረና ተሸፍኖ የኖረው ጉድ ተገለጠ። ጉዱ የተጠራቀመው 12 ዓመት ሙሉ ነው፤ መጽሐፍ በሌለበት፣ ቤተ ሙከራው በተቆለፈበት፣ ዓመቱ በሚቆራረጥበት ክፍል ውስጥ። ያልዘራ ሰው አውድማ ላይ ቆሞ «ምርቱ አነሰ» ብሎ አይቆጣም።

ስልኩስ? እውነት ነው፣ ስልክ ላይ ናቸው። አንተስ እኩለ ሌሊት ላይ የካሴት ፎቶ የለጠፍከው በምንድን ነው? ኳስ ሜዳው ሰው ካጣ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከተዘጋ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ከቤት መውጣት ካስፈራ ልጅ የት ይሂድ?

የሰውን ትውስታ የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር አለ። ሰው ሸምግሎ ስለ ሕይወቱ ሲጠየቅ ከሌላው ይልቅ አብዝቶ የሚያነሳው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያለውን ዘመን ነው። እኔ ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ስንቅ ነው። የጉርምስና ዘመን ስንቅ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ እየቆረሰ ይበላል። እኛ በየማታው ፌስቡክ ላይ ስልቻችንን ፈትተን የምንቆርሰው ያን ነው። ታዲያ እነዚህ ልጆች 60 ዓመት ሲሞላቸው ስልቻቸውን ቢፈቱ ምን ያገኛሉ? አሁን እየተቋጠረላቸው ያለው ምንድን ነው? ጥያቄው ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

«ቲቸር፣ ታዲያ ትዝታ ኃጢአት ነው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ከአራቱ ቅኝቶቻችን የአንዱ ስም ራሱ ትዝታ ነው፤ ትዝታን የሚጠላ ሐበሻ የለም። ሐዲስ ዓለማየሁም «ትዝታ» የሚል መጽሐፍ አላቸው። ግን ውስጡ ያለው የጣሊያን ወረራ፣ ጦርነቱና የእስር ዘመናቸው ነው። ከኋላ የሚመጣው እንዲያውቅ የተጻፈ ምስክርነት ነው። ትዝታ ለታናሽ ሲነገር ስንቅ ይሆናል፤ ለራስ ብቻ ሲላመጥ ግን ማስቲካ ነው፣ ያፋጫል እንጂ አያጠግብም።

እኛንም የሚያስረጅ ብዙ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። የቤት ኪራዩ፣ ከወር ወር የማያደርሰው ደመወዝ፣ የቀበርናቸው ጓደኞች፣ የተሰደዱት። ይህን አልክድም። ግን ድካምና እርጅና ይለያያሉ። የደከመ ሰው አርፎ ይነሳል።

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነው። ከየአገሩ ልጆች በ12 እና በ13 ዓመታቸው ደበሎ ለብሰው፣ ቁራሽ ለምነው፣ እዚህ ቅኔ ተምረዋል። በዚያ ጉባኤ አንድ ሥርዓት አለ፤ ቀድሞ የተማረው ኋላ የመጣውን ያስቀጽላል። መምህሩ ለሁሉም አይደርስማ! «እኔ በደህናው ጊዜ ተምሬ ጨርሻለሁ» ብሎ ጎጆው ገብቶ የሚተኛ የለም። ይህ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም፤ ከደጃችን ያለ ነው።

ስለዚህ ለእናንተ፣ ለጓደኞቼም ለድሮ ተማሪዎቼም፣ የቤት ሥራ አለኝ።

አንደኛ፣ እያንዳንዳችሁ አንድ ልጅ ያዙ። አንድ ብቻ። የእህታችሁ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የአከራያችሁ ልጅ። በሳምንት ሁለት ሰዓት የምታውቁትን አስቀጽሉ። ኢንጂነሩ ሒሳብ፣ ነርሷ ባዮሎጂ፣ ነጋዴው እንግሊዝኛ የሚችል ከሆነ እንግሊዝኛ። አዲስ አበባም ውጭ አገርም ያላችሁ፣ መጽሐፉንና የድሮ ፈተናዎችን በሜሞሪ ካርድ ጭናችሁ ወደዚህ ከሚመጣ ሰው ጋር ላኩ። ዳታ ሲጠፋም ሜሞሪ ካርድ ይሠራል።

ሁለተኛ፣ በሠፈራችሁ የ15 ዓመት ልጅ ልትዳር ነው ሲባል ስትሰሙ በሐሜት አትለፉት። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አባቷ ቤት ሂዱ። የተማራችሁ ናችሁና ቃላችሁ ይሰማል። ሽማግሌ ለጥል ብቻ አይደለም የሚቀመጠው፤ እኛም ደርሰናል እያልን አይደል?

ሦስተኛ፣ ጨዋታ መልሱላቸው። ቅዳሜ ኳስ ይዛችሁ ውጡ። ለገና ጨዋታ ሜዳ አስለቅቁላቸው። የተዘጋ ሚኒ ሚዲያ ካለ ማይክሮፎን አዋጥታችሁ ግዙላቸው። ልጅ ፈተና ብቻ አይደለም፤ የሚስቅበትም ነገር ይቋጠርለት።

«ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራበትም» ይላሉ አባቶቻችን። የእኛ ክረምት አልፏል፤ የዘነበው ዘንቧል፣ የበቀለውም በቅሏል። እየዘነበባቸው ያሉት እነሱ ናቸው። ከእኛ የሚፈለገው ጥላ መያዝ ነው።

ኮሜንት ላይ የያዛችሁትን ልጅ ስም አትጻፉ። የምታስተምሩትን ትምህርትና የምትጀምሩበትን ቀን ብቻ ጻፉ። «አረጀን» ብሎ የሚጽፍ የድሮ ተማሪዬ ካለ ግን፣ ስም ጠርቼ እንደማስነሳ ያውቃል።