ጫማው ቀለለ እንጂ መች ተመቸ?

ያው ኅዳር ሲቃረብ የታላቁ ሩጫን ካናቴራ የያዘ ሁሉ ጫማ ፍለጋ ይወጣል። ሰሞኑን አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፏል፦ «ሦስት ወር ያጠራቀምኳት ገንዘብ አለችኝ። አንደኛው ጫማ እንደ ላባ ይቀላል። ሌላው ከበድ ይላል፣ ግን እግሬን ደልቶታል። ጓደኞቼ ቀላሉን ግዛ ይሉኛል። ጉልበቴን ደግሞ ያመኛል። ምን ትሉኛላችሁ?»

ወንድሜ፣ የደላህን ግዛ!

ይሄውላችሁ፣ የተለመደ የመለማመጃ ጫማ በወንድ ቁጥር ከ250 እስከ 300 ግራም ገደማ ይመዝናል። በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ቢጨመር የሯጩ ድካም የሚጨምረው በ1 በመቶ ገደማ ነው። ሱቅ ውስጥ አንስታችሁ «ወይ ቅለት!» ያሰኛችሁ ልዩነት 50 ግራም ቢሆን ነው። ግማሽ ፐርሰንት ለሻምፒዮን ወርቅ ነው፤ ዳገቱ ላይ ቆመን ውሃ ለምንጠጣው ለእኛ ግን ከቁም ነገር አይገባም።

ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ በ2:11:53 የወቅቱን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችበት የአዲዳስ ጫማ በመካከለኛ የወንድ ቁጥር 138 ግራም ብቻ ነው። ዋጋው 500 ዶላር ነበር። አምራቹ ራሱ ለአንድ ማራቶንና ለትንሽ መለማመጃ የተሠራ ነው ብሏል። በእኛ ኪስ ይታያችሁ!

ልስላሴስ? ሶሉ በወፈረ ቁጥር ይሻላል የሚሉ አሉ። በጣም ለስላሳና ከፍ ያለ ሶል ግን ኮብልስቶን ላይ ቁርጭምጭሚትን ያወላግዳል። ለጎዳና ውድድርም ገደብ አለው፤ 4 ሳንቲ ሜትር። ደራራ ሁሪሳ እ.ኤ.አ. በ2021 የቪየናን ማራቶን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ ሶሉ 5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ውጤቱ ተሰርዟል። አንዲት ሳንቲ ሜትር ድሉን በላችበት።

ከሳልባጅ የምትገዙ ደግሞ (ነውር የለውም፣ እኔም እገዛለሁ) ላዩን አይታችሁ አትሸወዱ። የሶሉ ስፖንጅ ዕድሜ አለው፤ ላዩ አዲስ መስሎ ውስጡ ሊሞት ይችላል። ጎኑን በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት። ድንጋይ ከሆነ ወይም ተጨምድዶ ከቀረ ተዉት። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላው እዩት። ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የቀድሞ ባለቤቱን አረጋገጥ ለምዷል ማለት ነው።

ስትገዙ አመሻሽ ላይ ሂዱ፣ እግር ሲውል ያብጣልና። የምትሮጡበትን ካልሲ ያዙ። ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ቦታ ይኑር፤ አለዚያ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ይጠቁራል። ተረከዝ መሹለክ የለበትም። «ሲለመድ ይሰፋል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ፤ የሩጫ ጫማ እንደ ቆዳ ጫማ አይደለም። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም በሩ ላይ ሮጥ ሮጥ በሉበት።

አንተ ወንድሜ ደግሞ የጉልበትህን ነገር ለጫማው ብቻ አትተውለት። ሕመሙ እየቆየ ከሄደ ሐኪም ይየው። አዲሱንም ጫማ የውድድሩ ዕለት ከካርቶን አታውጣው፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ተለማመድበት።

ሳምንት እንገናኝ።