ለበቀቀን የሚጋገር የአትክልት ዳቦ

በቤታችን የሚኖረው ግራጫ በቀቀን ከአንድ ጎረቤታችን የተቀበልነው አደራ ነው። ጎረቤታችን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ወፉን ከነሽቦ ቤቱና ከአንድ ከረጢት የሱፍ አበባ ፍሬ ጋራ አስረክበውን፣ «ሌላ ነገር አይበላም» ብለው ተሰናበቱን። እውነታቸውን ነበር። ካሮት ብንሰጠው ወለል ላይ ይጥለዋል፤ ጎመን ብናቀርብለት ጀርባውን ያዞርብናል፤ ከዚያም «ብላ!» ይለናል። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፣ «ብላ» ለልጅና ለእኩያ እንጂ ለታላቅ የሚነገር ቃል አይደለም፤ ለእኛስ «ይብሉ» ሊለን ይገባው ነበር። ይሁን እንጂ ቃሉን ያስተማርነው ራሳችን ስለሆንን ልንቆጣው አልቻልንም።

ነገሩ ለሣቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዓምድ ባላነሣነው ነበር። አንድ ቀን ጧት ወፉ ሲያስነጥስና ትንፋሽ ሲያጥረው ስላየን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙ አፉን ከፍተው ነጫጭ እባጮች አሳዩን፤ ምክንያቱም የቪታሚን ኤ እጥረት ነው አሉ። የሱፍ አበባ ፍሬ ቅባቱ ብዙ ሲሆን፣ ቪታሚን ኤና ካልሲየም ግን እጅግ ጥቂት ነው። ግራጫ በቀቀን ደግሞ ካልሲየም ሲያንሰው እስከ መንቀጥቀጥና መውደቅ ይደርሳል። በእንክብካቤ ከ40 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል ፍጥረት በምግብ ጉድለት ቢሞት ጥፋቱ የአሳዳሪው ነው።

«ከራበው ይበላል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ አደገኛ ምክር ነው። ምግብ ሲቀየር ወፉን በየጧቱ መመዘን ይገባል። 450 ግራም የሚመዝን ወፍ 45 ግራም ያህል ከቀነሰ፣ የለመደውን ፍሬ መልሶ ሰጥቶ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አትክልቱን በዳቦ ውስጥ ደብቀን ማቅረብን መረጥን።

2 ኩባያ የበቆሎ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ተቀቅሎ የተፈጨ ስኳር ድንች፣ 1 የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ግማሽ ኩባያ ደቅቆ የተከተፈ ጎመን፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና 2 እንቁላል በውሃ ይለወሳል። የእንቁላሉ ቅርፊት ታጥቦና እንደ ዱቄት ደቅቆ ቢገባ ካልሲየም ይሆናል። ጨው፣ ስኳርና ቅቤ አይጨመርም። ሊጡ ላይ ጥቂት የሱፍ አበባ ፍሬ ተነስንሶ፣ በ180 ዲግሪ ሙቀት 30 ደቂቃ ያህል፣ የተሰካበት ቢላዋ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ ይጋገራል። በቴፍሎን የተለበጠ መጋገሪያ ፈጽሞ አይሁን፤ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጢስ ወፍ ይገድላል። አቮካዶ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቸኮላትም መርዝ ናቸው።

የመጀመሪያውን ቁራሽ እንደ ካሮቱ ወለል ላይ ወረወረው። በቀቀን ግን የመንጋ ወፍ ስለሆነ ሌላው ሲበላ ካየ ይቀናል። እኛም ፊቱ ተቀምጠን ያንኑ ዳቦ በላን፤ ጨው የሌለው ዳቦ ለሰው አፍ አይጥምም፤ ፊታችንን ግን አላኮሳተርንም። በሦስተኛው ቀን ወርዶ ፍሬዎቹን ለቀመ፤ ከፍሬዎቹ ጋራ ዳቦውም ገባለት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ዱቄቱን እየቀነስን፣ አትክልቱን እያበዛንና ክትፎውን እያተለቅን ሄድን። ዳቦው መሸጋገሪያ እንጂ ቀለብ ስላልሆነ በቀን የአውራ ጣት ጥፍር ከሚያህል ቁራሽ አላሳለፍንም።

ዛሬ ካሮቱን ጥሬውን ከእጃችን ይቀበላል። ከሁሉ የሚወደው ግን የበሰለ ቀይ ቃሪያ ነው፤ ወፎች እንደ እኛ ማቃጠሉ ስለማይሰማቸው እኛን የሚያስለቅሰንን ፍሬ እንደ ማር ያጣጥመዋል። የጎመን አገዳ ብቻ አሁንም ወለል ላይ ይወድቃል፤ «ብላ!»ም አልቀረልንም።