መቆለፊያው ከምን ጋር ይታሰር? የብስክሌት ስርቆትና የሶልና ማዘጋጃ ቤት ኃላፊነት

በስዊድን ብስክሌቱ የተሰረቀበት ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «በምን ቆልፈኸው ነበር?» የሚል ነው። የመድን ድርጅቱም፣ ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም ይህንኑ ይጠይቁታል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ጥያቄ ነው። ቀሪው ግማሽ «ከምን ጋር ቆልፈኸው ነበር?» የሚል ሲሆን መልሱ በባለቤቱ እጅ አይደለም፤ መንገዱን፣ የባቡር ጣቢያውንና የመኖሪያ ሕንፃውን በሚያቅዱና በሚያስተዳድሩ አካላት እጅ ነው። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ እስካልተጠየቀ ድረስ «ጥሩ መቆለፊያ ግዙ» የሚለው ምክር የመንግሥትን ድርሻ በተጠቂው ትከሻ ላይ መጫኛ ሆኖ ይቀጥላል።

ሶልና ለምን?

ከስቶክሆልም በስተ ሰሜን የምትገኘው ሶልና በቆዳ ስፋት ከስዊድን ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶች አንዷ ናት። በዚህች ጠባብ ከተማ የካሮሊንስካ ሆስፒታልና የሕክምና ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው ብሔራዊ ስታዲየም፣ በ2015 ሥራ የጀመረው ሞል ኦቭ ስካንዲኔቪያ የገበያ ማዕከል፣ እንዲሁም የምድር ውስጥና የከተማ ዳርቻ ባቡር ጣቢያዎች ተቀራርበው ይገኛሉ። ከሁቩድስታ ወይም ከሮሱንዳ ተነሥቶ ሆስፒታሉ ለመድረስ ብስክሌት በቂ ነው። የሌሊት ፈረቃ ለሚገባ የጽዳት ሠራተኛ ወይም ረዳት ነርስ ብስክሌት የመዝናኛ ዕቃ አይደለም፤ አውቶቡስ በሚሳሳበት ሰዓት ከሥራ የሚያደርስ መጓጓዣ ነው። ስለዚህ ስርቆቱ ዕቃ ከማሳጣት አልፎ የሥራ ሰዓትንና የቤተሰብን የወር ወጪ ያናጋል።

መቆለፊያ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም?

ስለ መቆለፊያ ምርጫ የጎደለ ዕውቀት የለም። ቀጭን የሽቦ ገመድ በእጅ መቁረጫ በቅጽበት ይበጠሳል። በስዊድን የተለመደው፣ በኋላ ጎማ ላይ የሚገጠመው የቀለበት መቆለፊያ ጎማው እንዳይዞር ያደርጋል፤ ብስክሌቱ ተነሥቶ መኪና ላይ እንዳይጫን ግን አያግድም። የተሻለ ጥበቃ የሚሰጡት ከጠንካራ ብረት የተሠሩ ወፍራም ሰንሰለቶችና የ«ዩ» ቅርጽ ያላቸው መቆለፊያዎች ናቸው። እነዚህም ዋጋ የሚኖራቸው ሻሲውንና የኋላ ጎማውን ከማይነቃነቅ ብረት ጋር አንድ ላይ ሲይዙ፣ ከመሬት ከፍ ብለው ሲታሰሩና ለመፈልቀቂያ የሚሆን ክፍተት ሳይተው ሲጠብቁ ነው። እንዲያም ሆኖ በባትሪ የሚሠራ ግራይንደር የያዘ ሌባ አብዛኞቹን በደቂቃዎች ውስጥ ይቆርጣቸዋል። መቆለፊያ የሚሰጠው ጊዜ ነው፤ ጊዜው የሚጠቅመውም መብራትና የሚያይ ሰው ባለበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ የማቆሚያው ጉዳይ ይመጣል። በብዙ ከተሞች የሚታየው፣ የፊት ጎማን ብቻ ቆንጥጦ የሚይዝ ማቆሚያ ለባለቤቱ ሻሲውን የሚያስርበት ነገር አይሰጠውም። የፊት ጎማው ያለ መፍቻ በእጅ የሚፈታ ከሆነ ሌባው ጎማውን ከነመቆለፊያው ትቶ ቀሪውን ይዞ ይሄዳል። በዚህ ሁኔታ ከአንድ ሺህ ክሮና በላይ የወጣበት መቆለፊያ የተተወ ጎማ ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። ጥፋቱ የባለቤቱ ነው ማለት ፍትሐዊ አይደለም።

ገዢው መቆለፊያን በዓይኑ መመዘን አለመቻሉም ሊታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2004 በዝናውና በዋጋው የታወቀው የአሜሪካው ክሪፕቶናይት ኩባንያ ክብ ቁልፍ ያላቸው መቆለፊያዎቹ በተራ የፕላስቲክ እስክሪብቶ ሊከፈቱ እንደሚችሉ በይፋ ከታየ በኋላ ለደንበኞቹ ለመለወጥ ተገዷል። ወፍራም ብረትና ከፍተኛ ዋጋ ያልገለጡትን ጉድለት የሚገልጠው ገለልተኛ ፍተሻ ነው። በስዊድን የስርቆት መከላከያ ማኅበር መቆለፊያዎችን ይፈትሻል፤ በደረጃ ከፍሎም ያጸድቃል። ሆኖም ያልተፈተሸ መቆለፊያ ከተፈተሸው ጎን ተደርድሮ «ጠንካራ» ተብሎ እንዳይሸጥ የሚያደርግ ግዴታ የለም።

መድኑ ማንን ይጠብቃል?

«ኪሳራውን መድን ይሸፍነዋል» የሚለው መከራከሪያ ለሁሉም እኩል አይሠራም። ብዙ የቤት ዕቃ መድን ውሎች የጸደቀ መቆለፊያ፣ የቁልፍና የግዢ ማስረጃ፣ እንዲሁም የሻሲ ቁጥር ይጠይቃሉ። በዚያ ላይ ባለመድኑ ራሱ የሚችለው ድርሻ አለ። ያገለገለ ርካሽ ብስክሌት የሚነዳ ሰው የብስክሌቱ ዋጋ ከዚያ ድርሻ ስለሚያንስ አንዳች ካሳ ላያገኝ ይችላል። ካሳ የማያገኝ ሰው ለፖሊስ ማመልከትን ትርፍ ድካም አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። በዚህ መንገድ ስርቆቱ እጅግ የሚጎዳቸው ሰዎች ከስታቲስቲክሱ ይወጣሉ፤ ፖሊሲ አውጪውም የሚያየው የተቀነሰ ችግር ይሆናል።

«ቅጣቱ ይጠንክር» ለሚሉ

ሌላው የተለመደ መልስ ቅጣትን ማክበድ ነው። የስዊድን የወንጀል ሕግ ምዕራፍ 8 ስርቆትን አስቀድሞም በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የብስክሌት ስርቆት ለፖሊስ ይመዘገባል፤ ተጠርጣሪ የሚገኝበት ግን እጅግ ጥቂቱ ነው። እንደማይያዝ የሚያውቅ ሌባ የቅጣቱን ክብደት አይመዝንም። የሚመዝነው ሥራው የሚፈጀውን ጊዜና ዕቃውን የመሸጥ ቀላልነት ነው። ሕግ አውጪው ሊነካቸው የሚገቡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ሌሎች አገሮች ይህን አድርገዋል። በዴንማርክ የሻሲ ቁጥር ከ1942 ጀምሮ ግዴታ ነው። ፈረንሳይ ከጥር 2021 ጀምሮ ነጋዴዎች የሚሸጧቸው አዳዲስ ብስክሌቶች መለያ ምልክት እንዲኖራቸውና እንዲመዘገቡ አዛለች። በኔዘርላንድስ ዩትሬክት ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ በ2019 የተጠናቀቀው ጥበቃ ያለው ማቆሚያ 12,500 ብስክሌቶችን ይይዛል፤ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታትም በነፃ ናቸው። ሶልና የዩትሬክትን ያህል መገንባት አይጠበቅባትም። ነገር ግን ማቆሚያ የባቡር ጉዞ አካል እንጂ የጣቢያ ጌጥ አለመሆኑን ከዚያ መማር ትችላለች።

«ቦታና ገንዘብ የለም» የሚለው መከራከሪያም አያሳምንም። አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ ስምንት ያህል ብስክሌቶች ይቆማሉ፤ በኮንክሪት የተተከለ የታጠፈ የብረት ቧንቧም ረቂቅ ቴክኖሎጂ አይደለም። ሥልጣኑም አለ፤ በስዊድን የ2010 የፕላንና የግንባታ ሕግ መሠረት የመሬት አጠቃቀምን የሚያቅደው ማዘጋጃ ቤቱ ነው።

ምክረ ሐሳቦች

1. የሶልና ከተማ ምክር ቤት በጣቢያዎች፣ በትምህርት ቤቶችና በሕዝብ ሕንፃዎች ያሉትን ማቆሚያዎች ያስቆጥር። ቆጠራው የማቆሚያውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ሻሲ ማስቆለፍ አለማስቆለፉን ይመዝግብ።

2. ሻሲ የማያስቆልፉ ማቆሚያዎች በተወሰነ የጊዜ ሰሌዳ ይተኩ፤ ቅድሚያው የሌሊት ሠራተኞች ለሚጠቀሙባቸው ጣቢያዎችና ለሆስፒታሉ አካባቢ ይሰጥ።

3. የአዳዲስ የመኖሪያ ሕንፃዎች የማቆሚያ ደንብ ሻሲ የሚታሰርበት ብረትና የሚቆለፍ የብስክሌት ክፍል እንዲያካትት ይደረግ።

4. ሪክስዳግ የሻሲ ቁጥርን በሽያጭ ጊዜ ከገዢው ስም ጋር የሚያገናኝ ብሔራዊ መዝገብ በሕግ ያቋቁም። ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ቁጥሩ ከስርቆት ጋር የተያያዘ መሆን አለመሆኑን በነፃ ማጣራት ይችል።

5. እያንዳንዱ የሚሸጥ መቆለፊያ የፍተሻ ደረጃውን ወይም አለመፈተሹን በግልጽ እንዲያሳይ ይገደድ።

ይህ ትምህርት ከስዊድን ውጭም ይጠቅማል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥታለች፤ በአዲስ አበባም ከኮሪደር ልማቱ ጋር የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል። መንገዱ ሲሠራ ማቆሚያው አብሮ ካልታሰበ፣ ብስክሌተኛው መንገድ አግኝቶ መድረሻው ላይ ብስክሌቱን የሚያስርበት ያጣል። በኋላ ማስተካከል ምን ያህል እንደሚከብድ ሶልና ታሳያለች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከስርቆት በኋላ ስለ መቆለፊያ መምከር ቀላል ነው። ባለቤቱ መቆለፊያውን ይግዛ፤ ማዘጋጃ ቤቱም የሚያስርበትን ብረት ይትከል። በሚቀጥለው የበጀት ውይይት ለምክር ቤት አባላት ረቂቅ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ሊያነሡት የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ በሶልና ስንት ማቆሚያ ሻሲ ያስቆልፋል?