90 ቀን ለአንጎል ጥገና በቂ ነውን?

በአንጎል ውስጥ ደም ከፈሰሰ በኋላ የተጎዳው ሕብረ ሕዋስ እንዲጠገን ያግዛሉ የተባሉ መድኃኒቶች በእንስሳት ላይ ተስፋ ቢያሳዩም፣ በሰው ላይ ሲሞከሩ ውጤታቸው ደጋግሞ ይከስማል። የተለመደው ማብራሪያ የአይጥ አንጎል የሰው አንጎል አለመሆኑ ነው። እውነት ነው፤ ሙከራው በብዛት የሚካሄደው የደም ግፊት በሌለባቸው ወጣት እንስሳት ላይ መሆኑም ችግሩን ያባብሰዋል። ነገር ግን ለማረም እጅግ የሚቀል ሌላ ጉድለት አለ፤ እርሱም የመለኪያው ቀን ነው።

ውጤትን በ90ኛው ቀን የመመዘን ልማድ የሰፈነው በደም ሥር መዘጋት በሚከሰተው ስትሮክ ጥናት ነው። የደም መፍሰስ ግን የራሱ ሂደት አለው። የፈሰሰው ደም በመጀመሪያ አካባቢውን ይጫናል፤ ቀጥሎ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ከሄሞግሎቢን የሚለቀቀው ብረት የተረፉትን የነርቭ ሕዋሳት ይመርዛል። ማይክሮግሊያና ማክሮፋጆች ፍርስራሹን ውጠው ለማጽዳት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። የነርቭ ግንኙነቶች መልሶ መደራጀት ደግሞ ከዚህም አልፎ ለወራት ይቀጥላል።

ብረትን የሚይዘው ዴፌሮክሳሚን የገጠመው ዕጣ ለዚህ ምሳሌ ነው። ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመው አይ-ዴፍ በተባለው ሙከራ፣ በ90ኛው ቀን ጥሩ ደረጃ ላይ የተገኙት መድኃኒቱን ከወሰዱት 34 በመቶ፣ ካልወሰዱት 33 በመቶ ነበሩ። በዚህም ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ መሸጋገሩ ከንቱ ተባለ። በ180ኛው ቀን ግን ልዩነቱ ለመድኃኒቱ በሚያደላ መልኩ ሰፍቶ ታየ። ይህ ሁለተኛ ደረጃ መለኪያ ስለነበር የፈዋሽነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ጥያቄው ያለ ጊዜው መጠየቁን ለመጠርጠር ግን ይበቃል። እርግጥ ረጅም ክትትል ብቻውን ስኬት አይሆንም፤ የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ያስወገደው ሚስቲ 3 እስከ 365ኛው ቀን ጠብቆም አጠቃላይ ጥቅም አላገኘም። ቢያንስ ግን የመልሱ ተአማኒነት በጊዜው ማጠር አይጠረጠርም።

ረጅም ክትትል ውድ ነው የሚለው ተቃውሞ ከፊል እውነት ብቻ ነው። የተሻሻለው የራንኪን መለኪያ በስልክ ጭምር ሊሞላ ይችላል። የደም መፍሰስ ስትሮክ ድርሻ ከምዕራቡ ዓለም ከፍ ብሎ በሚታይባት ኢትዮጵያ፣ ብዙዎቹ ጥናቶች ሕመምተኛው ከሆስፒታል በሚወጣበት ቀን ያበቃሉ። ጥገናው ግን ገና የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ስልክ የሚደውል አንድ የድኅረ ምረቃ ጥናት፣ ቤተ ሙከራ ሳያስፈልገው፣ እስካሁን ያልተሰበሰበ መረጃ ያስገኛል።