ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች በምርመራ የሚታዩበት ጊዜ፤ የቀን ቆጠራው የማይመልሰው ጥያቄ

ከቀዶ ሕክምና ወይም ከአጥንት ስብራት በኋላ በሐኪም ትእዛዝ ትራማዶል፣ ኮዴይን ወይም ሞርፊን የወሰደ ሰው የቅጥር ምርመራ ሲጠብቀው «መድኃኒቱ ከሰውነቴ መቼ ይወጣል?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ሆኖም አንድ ወጥ የቀን ቁጥር መልስ ሊሆነው አይችልም።

መድኃኒቱ ሕመም የሚያስታግስበት ጊዜና በምርመራ የሚታይበት ጊዜ የተለያዩ ናቸው። አንድ መደበኛ የትራማዶል እንክብል የሚያስታግሰው ለጥቂት ሰዓታት ሲሆን፣ በሽንት ውስጥ ግን በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ቀን ይገኛል። ኮዴይንና ሞርፊን ከ1 እስከ 3 ቀን ገደማ ይታያሉ፤ ሜታዶን ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል። የደም ምርመራ የሚያሳየው የሰዓታትን፣ ቢበዛ የአንድ ቀን ያህል ታሪክ ነው። በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚያድገው ፀጉር ደግሞ እስከ 90 ቀን ወደ ኋላ ይመሰክራል። ስለዚህ መድኃኒቱ በሽንት ውስጥ መገኘቱ ብቻ ሰውየው በዚያች ሰዓት በመድኃኒቱ ተጽዕኖ ሥር ነበር ለማለት አያስችልም።

እነዚህ አሃዞች ግምታዊ ናቸው። የመድኃኒቱ መጠን፣ የተወሰደበት ጊዜ ርዝመት፣ የኩላሊትና የጉበት ጤንነት ያራዝሟቸዋል ወይም ያሳጥሯቸዋል። ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ልዩ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ አለ። ኮዴይን በዋናነት የሚያስታግሰው ሲዋይፒ2ዲ6 በተባለ የጉበት ኢንዛይም አማካይነት ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ የዚህን ኢንዛይም ዘረመል በተባዛ መልኩ መያዛቸውን አሳይቷል፤ በሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ ይህ ከጥቂት በመቶ አያልፍም። በእንዲህ ዓይነት ሰው አካል ውስጥ የተለመደው የኮዴይን መጠን በፍጥነትና በብዛት ሞርፊን ይሆናል። ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል፤ በሽንቱም ውስጥ ያልወሰደው የሚመስል ሞርፊን ሊገኝበት ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንና ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ሕመም ማስታገሻነት እንዳይሰጡ ያስጠነቀቀውም በዚሁ የትንፋሽ አደጋ የተነሣ ነው።

የምርመራው ዓይነትም ይለያያል። የተለመደው የመጀመሪያ ደረጃ የኦፒየት ምርመራ የተዘጋጀው ሞርፊንንና ኮዴይንን ለመለየት ነው፤ ትራማዶል፣ ፌንታኒልና ሜታዶን ራሳቸውን የቻሉ ምርመራዎች ይጠይቃሉ። በመሆኑም «አልተገኘም» የሚለው ውጤት ምንም አልተወሰደም ማለት አይደለም።

ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በተሰማሩበት በአሜሪካ የጭነት መኪና አሽከርካሪነት ሥራ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ ኦክሲኮዶንና ሃይድሮኮዶን በግዴታው ምርመራ ተካትተዋል። ሆኖም ውጤቱ ለአሠሪው ከመድረሱ በፊት ገምጋሚው ሐኪም አሽከርካሪውን ያነጋግራል፤ ሕጋዊ የሐኪም ማዘዣ ከተረጋገጠ ውጤቱ እንደ ጥሰት አይመዘገብም። አሽከርካሪውን የሚታደገው የቀን ስሌት ሳይሆን ሰነዱ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ምርመራን በመፍራት ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ማስታገሻን በድንገት ማቋረጥ ላብ፣ ትውከት፣ ተቅማጥና እንቅልፍ ማጣት ያስከትላል። ከዚህ የከፋው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ሰውነት መልመዱን ከተወ በኋላ ወደ ቀድሞው መጠን መመለስ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። ውኃ በብዛት ጠጥቶ መቅረብም መፍትሔ አይደለም፤ ቤተ ሙከራው የቀጠነ ሽንትን በክሪያቲኒን መጠኑ ይለየዋል።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚጓዙ ጥንቃቄው ከምርመራው በፊት ይጀምራል። ለምሳሌ በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ትራማዶልና ኮዴይን ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች በመሆናቸው፣ ይዞ ለመግባት ከአገሪቱ የጤና ባለሥልጣን ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል። ተጓዡ የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስም፣ መጠኑንና የታዘዘበትን ምክንያት የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ ከማዘዣው ጋር ይዞ፣ ናሙና ከመስጠቱ በፊት ለመርማሪው ማሳወቅ ይኖርበታል።